የሚጢጢ ግራ ኩላሊት

ሰኞ 4

ጠዋት እህቴ ደወለች። ሰላምታ እንኳን ሳትሰጠኝ «ሚጢጢን ሊቀዷት ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደግሞ ታካሚ ጎኑን ገልጦ፣ ጄል ተቀብቶ እየጠበቀኝ ስለነበር «ቆይ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁባት። ምን ዓይነት እህት ነኝ።

ሚጢጢ ልጇ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስሙ ሕፃን ሳለች ስለወጣላት ዛሬ ትከሻዬ ጋ ደርሳም ሚጢጢ ነው የምንላት። ግራ ኩላሊቷ ከተወለደች ጀምሮ ከቀኟ ታንሳለች፤ ትኩሳትም ይመላለስባታል። ስለዚህ በየዓመቱ እኔ በምሠራበት ክፍል በአልትራሳውንድ ትለካለች። አምና የለካኋት እኔ ነበርኩ፤ ይዘቷ ሃምሳ አንድ ሚሊ ሊትር። ዘንድሮ እኔ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ባልደረባዬ ለካት፤ አርባ ሦስት። ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አይቶ «ኩላሊቷ እየሟሸሸች ነው፤ የማታድግ ኩላሊት የትኩሳት መፈልፈያ ናት፤ በሚመጣው ወር 2 ትውጣ» ብሏል።

ባልደረባዬን «ባቡሩ» ነው የምንለው። ወረፋ ሲበዛ እሱን ያስገቡታል፤ ከምሳ በፊት ኮሪደሩን ባዶ ያደርገዋል። ጎበዝ ነው፣ ማንም ይመሰክርለታል። ግን ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ስምንት ሚሊ ኩላሊት የት ትጥላለች?

እኔን የሚያብከነክነኝ ቁጥሩ ነው። የማንም ልጅ ብትሆን ያብከነክነኝ ነበር።

ረቡዕ 6

ከሥራ በቀጥታ እህቴ ቤት ሄድኩ። ሚጢጢ ጠረጴዛው ላይ ሆዷን አስደግፋ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እህቴ የምርመራዋን ፖስታ ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዳ ሰጠችኝ። ምስሉን አምፖሉ ስር ይዤ ገና ከማየቴ ነገሩ ገባኝ።

እንዳልረሳው ልጻፈው። የአንድ ኩላሊት ይዘት ሦስት መስመር ይፈልጋል፦ ርዝመት፣ ስፋት፣ ውፍረት። ማሽኑ ሦስቱን ያባዛና ኩላሊትን እንደ እንቁላል ቆጥሮ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ርዝመቱና ውፍረቱ ኩላሊቷን በቁመቷ ከሚያሳየው ምስል ይገኛሉ። ስፋቱ ግን እዚያ ምስል ላይ የለም። እሱን ለማግኘት ፕሮቡን፣ ገላ ላይ የምናንሸራትተውን የማሽኑን እጀታ፣ አዙሮ፣ ኩላሊቷን ወገቧ ላይ በአግድም አሳይቶ፣ ሁለተኛ ምስል ማንሳት ያስፈልጋል።

ፖስታው ውስጥ ያለው ምስል አንድ ብቻ ነው። ሦስቱም መስመሮች እሱው ላይ ተሰምረዋል፤ አንዱ በርዝመቷ፣ ሁለቱ እሱን አቋርጠው ተጠጋግተው። ባቡሩ ውፍረቷን ሁለቴ ለክቶ አንዱን ስፋት ብሎታል። ኩላሊት ደግሞ ሁልጊዜ ከውፍረቷ ስፋቷ ይበልጣል። የጎደለው ስምንት ሚሊ ከልጅቷ ሆድ አልጠፋም፤ መጀመሪያውኑ አልተለካም።

ሳቄ መጣ። እህቴ ዓይኗ እንዳበጠ «አብደሻል?» አለችኝ። «አላበድኩም፤ ልጅሽ ደህና ናት» አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያን ያህል አፍ ለመሙላት ምን ይዤ ነበር?

ሐሙስ 7

ባቡሩን ምሳ ሰዓት ላይ ያዝኩት። ምስሉን ፊቱ ዘርግቼ «ይሄ ምንድነው? ስፋቱን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። ለዘብ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

እሱም አልተቆጣም። ዳቦውን እያኘከ ግድግዳውን በአገጩ ጠቆመኝ። ዘንድሮ የማተሚያ ወረቀት ያጠረ ጊዜ ኃላፊያችን የለጠፉት ማስታወቂያ ነው፦ ለአንድ አካል አንድ ምስል። «እህት ዓለም፣ አንድ ምስል ካሉሽ ሦስቱንም እዚያው ታሰምሪያለሻ። አንቺስ ትናንት እንዴት ነበር የለካሽው?»

«እኔማ በሁለት ነው» አልኩ። ማሽኑን ከፈተ። የትናንት ታካሚዎቼ ኩላሊቶች፣ ሁሉም፣ በአንድ በአንድ ምስል። እጄ ሳላስበው ለምዶታል።

ኃላፊያችን ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሩ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። እስክጨርስ አዳመጡኝና «ነገሩ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል» አሉ። እሺ እኔው ልድገማት አልኳቸው።

«አንቺ አክስቷ ነሽ።»

«እጄ አክስት አያውቅም፣ ዶክተር።»

«እጅሽን አምናለሁ። ግን መስመሩ የት እንደሚቆም የሚወስነው ዓይንሽ ነው፤ ዓይን ደግሞ የሚፈልገውን ያያል። ልጅቷን እንዳትነኪያት። ይህን ሳትለኪያት ማሳየት ከቻልሽ እሰማሻለሁ።»

ትልቁን የምስል መሣሪያ፣ ኤምአርአይን፣ ብጠይቅ ወረፋው ወራት ነው። ቀጠሮው ወር እንኳን አይሞላም።

ዓርብ 8

ወረፋ። ምሳ የለም። የካርድ ክፍሏ ልጅ ለጽዳት ሠራተኛዋ «አክስቷ ናት፤ ምን ታድርግ፣ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አንጀቴ ምን አገባው? ይህ የአለካክ ጉዳይ ነው።

ቅዳሜ 9

ልኳንዳ ቤት ሄጄ የበግ ኩላሊት ጠየቅኩ። ሥጋ ሻጩ «ስንት ኪሎ?» አለኝ።

«በኪሎ አይደለም። ትንንሽም ትልልቅም፣ የተለያየ መጠን ያለው ስጠኝ። ደግሞ እንዳትቆርጥብኝ፤ ሙሉ ይሁን።»

«እህቴ፣ ልትበያቸው ነው ወይስ ልታስተምሪያቸው?»

«ልለካቸው ነው» አልኩት። ከጀርባዬ የነበሩት ሰዎች ተያዩ። ያም ሆኖ መርጦ ሰጠኝ፤ ሞራቸውን እንኳን ሳልነግረው አነሳልኝ።

ወጥ ቤት ውስጥ ጆጉን እስከ አፉ ሞላሁ፤ ሥሩ ሳፋ አስቀመጥኩ። ኩላሊቱን በክር አስሬ ውሃው ውስጥ ሳጠልቅ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ የኩላሊቱ ትክክለኛ ይዘት ነው። እሱን በመለኪያ ብርጭቆ እለካለሁ። እያንዳንዱን ኩላሊት የውሃውን ልክ በጻፍኩበት ላስቲክ ቋጠርኩት። ባሌ በር ላይ ቆሞ ብዙ አየ። «አንቺ ሴትዮ፣ ያ ጆግ ከእንግዲህ ለእንግዳ እንዳይቀርብ» አለና እጅጌውን ሰብስቦ ክሩን ይይዝልኝ ጀመር። ይህ ሰው አንዳንዴ ደስ ይለኛል።

እሑድ 10

ተረኛ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ሰው ጭር ሲል ኋለኛው ክፍል፣ በአሮጌው ማሽን። ኩላሊቶቹን ሳፋ ውሃ ውስጥ አንድ በአንድ እያስቀመጥኩ፣ እያንዳንዳቸውን መጀመሪያ በአንድ ምስል፣ ቀጥሎ በሁለት ምስል ለካኋቸው።

በሁለት ምስል፦ ከውሃው ትንሽ ያንሳል። ኩላሊት እንቁላል አይደለችማ። ግን የሚያንሰው በሁሉም ላይ ተመሳሳይ ያህል ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ መለኪያ አምናን ከዘንድሮ ለማወዳደር ይበቃል። በአንድ ምስል፦ ተጨማሪ አንድ አምስተኛ ያህል ይጠፋል፤ ያውም ጠፍጠፍ ካለው ላይ ብዙ፣ ድቡልቡል ከሆነው ላይ ጥቂት።

ጮቤ ረገጥኩ። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ የበግ ኩላሊት ይዤ፣ በነጭ ጋዋን። ማንም ባለማየቱ ተመስገን።

ሰኞ 11

ዶክተሩ ሁሉንም ተመለከቱ። ሁለቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ማሽኑ ላይ ስትለኪ ውሃው ስንት እንደሆነ ታውቂ ነበር?» አሉ።

አውቅ ነበር። በእጄ የጻፍኩት ቁጥር ላስቲኩ ላይ ነበረ።

«እንግዲያው ይደገም። የሚለካው ሰው ውሃውን አይወቅ፤ ውሃውን የሚለካው ማሽኑን አይይ። የሚለካው ደግሞ አንቺ አትሁኚ።»

«ታዲያ ማን?»

«ባቡሩ» አሉ። እሳቸውም ቅጽል ስሙን ያውቁታል ለካ።

ደሜ ፈላ። ልጅቷን ያሳነሳት ሰው ፊት እጄን አጣጥፌ ልቁም? ኮሪደር ለኮሪደር ስዞር ቆየሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳስበው ግን ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። እኔ ብለካ ማንም አያምነኝም። እሱ ለክቶ ራሱን ካስተባበለ ግን የሚከራከር አይኖርም።

ማክሰኞ 12

ባቡሩን ይቅርታ ጠየቅኩት። ሐሙስ ዕለት ሰው ፊት ስለጮህኩበት። «ጮኸሽ ነበር እንዴ? እኔ ሁሌ እንደዚህ የምታወሪ መስሎኝ» አለ። የበጉን ነገር ስነግረው አሰበ፤ ሲያስብ አይቼው አላውቅም፣ ሁልጊዜ ይሮጣል።

«እሺ፣ እለካለሁ። ልክ ካልሆንሽስ?»

ወረፋው ተጠራ።

ቅዳሜ 16

ሚጢጢ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ነው የምታድረው። መኝታ ቤት አላት፤ ማለቴ የእንግዳ ክፍሉ አለ፤ መጋረጃውን እሷ ስለመረጠችው ነው የሷ የምንለው። እኛ ልጅ ስለሌለን ክፍሉ ባዶ ከሚሆን ብለን ነው።

ፀጉሯን ስሠራት «አክስቴ፣ የሚያወጧት ትንሽ ስለሆነች ነው?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ግራዋን። እኔም ክፍል ውስጥ ከሁሉም አጭር ነበርኩ፤ ቆይቼ ነው ያደግሁት። ለሷ ለምን አይታገሷትም?»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቆመ። ሻይ ላፈላ ብዬ ተነሳሁ። ባሌ ወጥ ቤት ገብቶ ሲያገኘኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ እንደሆነ ነገርኩት፤ መክተፊያው ላይ ግን ሽንኩርት አልነበረም።

ማክሰኞ 19

ሙከራው ሐሙስ። አንድ ምስል ላይ ዛሬም መስመር ስጀምር እጄን መለስኩት። ማስታወቂያው አሁንም እንደተለጠፈ ነው፤ እኔ ግን ፕሮቡን ማዞር ጀምሬያለሁ። ወረፋው ረዘመ። ይርዘም።

ሐሙስ 21

ቀኑን ሙሉ ለመጻፍ ስቸኩል ነበር፤ አሁን እስክሪብቶው አልታዘዝ አለኝ።

ሥጋ ሻጩ አዳዲሶቹን ሲሰጠኝ «ያኛዎቹ ፈተናውን ወደቁ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሕፃናት ክፍል ነርሷ ጓዳ ውስጥ በጆግ ለካቻቸው፤ ቁጥሩን ጽፋ ለዶክተሩ ሰጠች። ባቡሩ ኋለኛው ክፍል ውስጥ ማሽኑ ላይ። እኔ ሳፋውን ከማመላለስ በቀር ምንም እንዳልነካ፣ ምንም እንዳልናገር ተነገረኝ። ይህን ያህል ሰዓት አፌን ይዤ የቆየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ባቡሩ እንደ ልማዱ በፍጥነት ጀመረ። አንድ ምስል፣ ሦስት መስመር፣ ቀጣይ። ከዚያ ፕሮቡን ማዞር፣ ሁለተኛ ምስል፣ እንደገና መለካት። አራተኛው ኩላሊት ላይ ሲደርስ እጁ ዘገየ። የሁለቱ ምስሎች ቁጥር እየተራራቀ ሲሄድ ዓይኑ እያየ ነው። አንገቱን አዙሮ አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ሲያልቅ ዶክተሩ የነርሷን ወረቀት አውጥተው «አንብብ» አሉት። ራሱ አነበበው። በሁለት ምስል የለካው ሁሉ ከውሃው አጠገብ ነው፤ ትንሽ ያንሳል፣ ግን አጠገቡ። በአንድ ምስል የለካው ሁሉ አንድም ሳይቀር ወርዷል። ባቡሩ ወረቀቱን አስቀመጠና «ዶክተር፣ ልጅቷን ያሳነስኳት እኔ ነኝ» አለ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ ልል ነበር። መጠጣቱንስ ጠጥቷል። ግን ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ሲያይ ሳየው «ማስታወቂያው ነው ያሳነሳት» አልኩት፤ ዶክተሩ እየሰሙኝ። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ዓርብ 22

የጠዋት ስብሰባ። ዶክተሩ አስረዱ። ቀዶ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ ሰማ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ትኩሳቷን የሚያክመው እሱ ነው። «ጥሩ ሥራ ነው። ግን በግ ነው። ሕፃን ትተነፍሳለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ ሳፋ ውስጥ አትተኛም። ልጅቷ ራሷ ትለካልኝ። ኩላሊቷ ካደገች ቢላዬን እሰበስባለሁ። ካላደገች ግን ቀጠሮዬ ቀጠሮ ነው።»

ሰኞ ሦስት ሰው ሊለካት ተወሰነ፤ ዶክተሩ፣ ባቡሩ፣ ከሌላ ሆስፒታል የምትመጣ ባለሙያ። በሁለት ምስል፤ አንዱ የሌላውን ሳያይ፤ የማሽኑ ቁጥር በወረቀት ተሸፍኖ። እኔ ከበሩ ውጭ።

እንግዲህ ወይ ሰኞ እናሸንፋለን፣ ወይ በእውነት ሟሽሻለች። እስከ ዛሬ ይህን ሁለተኛውን አልጻፍኩትም ነበር። መለኪያው መሳሳቱ ኩላሊቷ ማደጓን አያሳይም። ትክክል ሆኜም ልትወጣ ትችላለች። እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ እፈራለሁ።

ሰኞ 25

ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠብቅበት አይቼ ተቀምጬበት አላውቅም። እንዴት ይቆረቁራል። እህቴ ከጎኔ ናት፤ እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ትጨምቃለች። ከውስጥ የባቡሩ ድምፅ ይሰማል፤ «በረጅሙ ተንፍሺ፣ የኔ ቆንጆ፤ ያዢው፤ ያዢው፤ ተይው።» ሲቸኩል አይሰማም። በሥራ ዘመኑ ሙሉ እንደዚህ ቀስ ብሎ የለካ አይመስለኝም።

ሦስተኛዋ ባለሙያ ወጣች። ዶክተሩ በሩን ከፍተው ወረቀት ይዘው ቆሙ፤ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ግንባራቸው ላይ ነበር። ማንም አልነገራቸውም።

ሃምሳ አምስት። ሃምሳ አራት። ሃምሳ ስድስት።

አምና ሃምሳ አንድ ነበረች። አድጋለች። ግራዋ አድጋለች። ስንጣላ፣ ስንሰበሰብ፣ በግ ስንለካ፣ እሷ ዝም ብላ እያደገች ነበር።

እህቴ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። እኔ ያደረግሁትን አላውቅም፤ በኋላ የካርድ ክፍሏ ልጅ እንደነገረችኝ ቀዶ ሐኪሙን አቅፌዋለሁ። ያውም እሱ ገና እየመጣ ነበር፤ ውጤቱን ከኔ እቅፍ ውስጥ ነው የሰማው።

ማክሰኞ 26

ቀጠሮው ተሰርዟል። ቀዶ ሐኪሙ በእጁ ሰርዞ ለእህቴ አሳያት፤ ለትኩሳቷ መድኃኒት ትቀጥላለች፣ በየስድስት ወሩ ትታያለች። ሳገኘው «ሁለተኛ ስታቅፊኝ አስጠንቅቂኝ» አለኝ።

ዶክተሩ ማስታወቂያውን ራሳቸው ላጡት። ሙጫው ቀለሙን ይዞ ስለመጣ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቀርቷል። በአንድ ምስል የተለኩ ሕፃናት በሙሉ እንዲጠሩ አዘዋል። ባቡሩ የቅዳሜና የእሑዱን ተራ ሳይጠየቅ ወሰደ። ስልክ መደወሉን እኔ ያዝኩ። «ምንም አትደንግጡ፣ እንደገና ልናያችሁ ነው፤ አዎ፣ በነፃ» እያልኩ ድምፄ ዘጋ። ደስ እያለኝ ነው የዘጋው።

ቅዳሜ 30

ኮሪደሩ በሕፃናት ተሞልቷል። አንዱ ልጅ ኩላሊቱ በእርግጥም ወርዷል፤ በሁለት ምስልም ወርዷል። በጊዜ ታወቀለት፤ ሕክምናውን ሰኞ ይጀምራል። ሌሎቹ አብዛኞቹ ከተጻፈላቸው በላይ ናቸው። አንዲት እናት ቁጥሩን ስትሰማ ባቡሩን ግንባሩን ሳመችው። የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፤ ስሙን ልንቀይርለት እየተመካከርን ነን።

ሰኞ 2

ዛሬ ነበር የሚቀዷት። በዚህ ሰዓት ሰመመን ውስጥ ትሆን ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንዳዘለች እኛ ክፍል መጣች፤ ወረፋው አልቆ ነበር። «አክስቴ፣ ሁሉም ለኩኝ። አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው» አለች። ዶክተሩን ባይኔ ጠየቅኳቸው። «አሁን ምንም የሚወሰን ነገር የለም፤ ለኪያት» አሉ።

ተኛች። ጄሉን በእጄ ሞቅ አድርጌ ቀባኋት። በሁለት ምስል፣ ባቡሩ ቁጥሩን በወረቀት ሸፍኖልኝ፣ ሕጉ ሳይጓደል፣ በሥራ ዘመኔ ከለካሁት ሁሉ ተጠንቅቄ ለካኋት። ባቡሩ ወረቀቱን አነሳ።

ስድሳ አንድ።

«ድገሚው» አለ ባቡሩ ከንፈሩን ነክሶ። ደገምኩት። ስድሳ ሁለት። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ያብሱ ጀመር፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ምስሉን ጠጋ ብዬ አየሁት፤ መስመሮቼ በሙሉ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ትንሽ አልፈው ቆመዋል፣ ኩላሊቷ ካለቀችበት ወጣ ብለው። እንዲህ ሳሰምር ለራሴም አልታወቀኝም።

ሽማግሌው ከመጀመሪያው ልክ ነበሩ። የአለካክ ጉዳይ ነው ስል የከረምኩት ውሸቴን ነው፤ ይህችን ልጅ ከነነፍሴ ነው የምወዳት። ዶክተሩ መዝገቡ ላይ ሃምሳ አምስት ብለው ጻፉ። ትርፏ የኔ ናት።